ከሐይቅ እስከ ግሸን፤ የአንድ ሥርወ መንግሥት መነሣትና መውደቅ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከደሴ ተነሥቶ በሰሜን አቅጣጫ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማው ስሙን ያገኘው ከጎኑ ከተኛው ውኃ ነው። የአገሩ ሰው ለውኃው ሌላ ስም ማውጣት አላስፈለገውም፤ «ሐይቅ» ብቻ ይለዋል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ደቡባዊ ጎረቤቱ አርዲቦ ከእርሱ ያንሳል። በውኃው ውስጥ ጥንት ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር የተገናኘ መሬት አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የቆመው በዚህ መሬት ላይ ነው። በስተ ሰሜን ምዕራብ የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ፤ ከእነርሱም አልፎ፣ አናቱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋው የግሸን አምባ አለ።

የዚህ ንግግር ጉዳይ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ናቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ይኩኖ አምላክ የተቋቋመው መንግሥት ከሐይቅ ጋር በተያያዘ ታሪክ ተወለደ፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲፈርስም ከታላላቅ ቁስሎቹ ጥቂቶቹን የተቀበለው በእነዚሁ ተራሮች መካከል ነው። በመነሣቱና በመውደቁ መካከል 270 ዓመት አለ። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አድማጭ ያስተውል።

ስለ አንድ መንግሥት ውድቀት ሲነገር በአገራችን ሁለት የተለመዱ ፍርዶች አሉ። አንደኛው «የውጭ ጠላት መጣና አፈረሰው» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ኃጢአት በዛና ቁጣ ወረደ» ይላል። ሁለተኛውን ፍርድ ከጥንት ጸሐፍት ብዙዎቹ ወደውታል። የመጀመሪያውንም የዛሬ መምህራን በክፍል ውስጥ ሲደግሙት ይሰማል፤ ለተማሪ ለማስረዳት ይቀላልና። ሁለቱም ፍርዶች ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ያልፋሉ። ያ መንግሥት ከ1529 በፊት ብዙ ጊዜ ተወግቷል፤ ሁለት ጊዜም ንጉሡ ራሱ በጦር ሜዳ ወድቆበታል። በእነዚያ ጊዜያት ሳይፈርስ፣ ከ1529 በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለምን ፈረሰ?

መልሱን ለመፈለግ መነሻውን ማየት ግድ ነው።

የዛጔ ነገሥታት ከላስታ፣ ከሮሃ ሆነው ይገዙ ነበር። ከእነርሱም ስመ ጥሩው ቅዱስ ላሊበላ ናቸው። በ1270 ከአምሐራ ወገን የተነሡት ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛጔ ንጉሥ ድል ነሥተው ዙፋኑን ያዙ። በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ የሞቱት በጋይንት፣ በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። አሸናፊዎቹ ስለዚህ ንጉሥ ያደረጉት ነገር የሚያስገርም ነው። በነገሥታት ዝርዝር ውስጥ «ዘኢልመክኑን» ብለው መዘገቧቸው፤ ይኸውም «ያልታወቀው» እንደ ማለት ነው። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1972 በታተመው የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው ይህ ስም የሚሸፍነው ይትባረክ የተባሉትን ንጉሥ መሆኑን አስረድተዋል። ሕዝቡ ንጉሡን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እንዲረሱ ተፈልጎ ነው እንጂ። አዲስ ሥርወ መንግሥት ከጦር ሜዳ ቀጥሎ ድል የሚያደርገው በብራና ላይ ነው።

ሐይቅ ወደ ታሪኩ የሚገባው በዚህ ላይ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በዳኅና ተወልደው፣ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተምረው፣ በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ አስቀድሞ የነበረ ቢሆንም፣ ቦታውን የትምህርትና የምንኩስና ማእከል ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ በኋላ በሸዋ ደብረ አስቦን የመሠረቱት፣ ማለትም የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። መጻሕፍት ይገለበጡ ነበር፤ ተማሪዎች ከሰሜንም ከደቡብም ይመጡ ነበር። ከአክሱም ርቆ፣ የክርስቲያኑ አገር ወደ ደቡብ በሚሰፋበት ወሰን ላይ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መገኘቱ ለአዲሱ ንጉሥ ከአንድ ክፍለ ጦር ያላነሰ ጥቅም ነበረው ማለት ይቻላል።

የሐይቅ ትውፊት ይኩኖ አምላክ በልጅነታቸው በገዳሙ መማራቸውን፣ አባ ኢየሱስ ሞዐም ለመንግሥት እንዳበቋቸው፣ በለውጡም የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚለውን ታላቅ ማዕርግ እንዳገኘ ይናገራል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ደግሞ ይህንኑ ውለታ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል፤ ከመንግሥቱም መሬት ሢሶው ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠበት ቃል ኪዳን የተደረገው ከእርሳቸው ጋር ነው ይላል። በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው ሁለተኛው ነው። ታሪክ መርማሪዎች ግን የሐይቁ ትውፊት የቀደመ መሆኑን ይገምታሉ፤ የደብረ ሊባኖሱ ትውፊት የጎላው የእጨጌው ሥልጣን ከፍ ባለበት፣ የሐይቁም ዐቃቤ ሰዓት በደበዘዘበት በኋለኛው ዘመን ነውና። ክርክሩ የሁለት ገዳማት የክብር ፉክክር ብቻ አይደለም፤ ንጉሥን ያነገሠ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሣል። ያነገሠም መልሶ የመጠየቅ መብት አለው።

ሕዝቡ በበኩሉ ሦስተኛ ታሪክ አለው። የዛጔው ንጉሥ ዶሮ «ራሴን የበላ ይነግሣል» ብሎ ጮኸ፤ ንጉሡም ዶሮው እንዲታረድ አዘዙ፤ ወጥ ሠሪው ግን ራሱን ቆርጦ ጣለው፤ የጣለውን ራስ ብላቴናው ይኩኖ አምላክ አንሥቶ በላው። ይህ ተረት በእሳት ዳር የሚነገር ቢሆንም ከሊቃውንቱ መጽሐፍ የማይጠቅስ አንድ እውነት ይዟል። መንግሥት በዕድልና በድፍረት መካከል፣ ሌላው ከጣለው ነገር ሊነሣ ይችላል።

ሊቃውንቱ ግን ለዶሮው ራስ የሚበልጥ ነገር ማቅረብ ነበረባቸው፤ አቀረቡም። ክብረ ነገሥት ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ የተዘጋጀው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በአክሱሙ ንቡረ እድ በይስሐቅና በባልንጀሮቹ ነው። በመጽሐፉ መሠረት አዲሱ ቤት አዲስ አይደለም፤ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የወረደው የቀድሞው ቤት ተመልሶ መጣ እንጂ። ዛጔዎች ሳይገባቸው የገቡ ሆኑ።

በዚህ ስፍራ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ዘወር ማለት ይጠቅማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1046 ገደማ በቻይና የዦው ቤት የሻንግን ሥርወ መንግሥት ገልብጦ ነበር። የዦው መሪዎችም «ጌታችሁን ለምን ገደላችሁ?» የሚል ጥያቄ ቀረበባቸው። የሰጡት መልስ በቻይና ታሪክ ሦስት ሺህ ዓመት ኖሯል። ሰማይ የመግዛትን ሥልጣን ለጻድቅ ይሰጣል፤ ከበደለም ይነሣዋል፤ ሻንግ በደለ፤ ስለዚህ ሰማይ ሥልጣኑን ለዦው አዛወረ፤ ይህ ነበር መልሳቸው። ይህ «የሰማይ ሥልጣን» የተባለው ሐሳብ ያሸነፈውን ሁሉ የሚያጸድቅ ነው። ነገር ግን በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ነገ የሚነሣ ሌላ ሰው በዚያው ቃል ዦውን ሊያስወርድ ይችላል። ኋላም የሆነው ይኸው ነው።

የኢትዮጵያው መልስ ከዚህ ይለያል። ክብረ ነገሥት ሥልጣንን ያሰረው በምግባር ሳይሆን በዘር ነው። ንጉሥ ክፉ ቢሆን እንኳ የዳዊት ልጅ ነው፤ ደግ ሰው ደግ ቢሆንም ከዘሩ ካልሆነ አይነግሥም። በዚህ ምክንያት በቻይና ቤቶች እየተለዋወጡ የመንግሥቱ ሥርዓት ሲቀጥል፣ በኢትዮጵያ ቤቱ በስሙ ሲቀጥል ሥርዓቱ ሁለትና ሦስት ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል። እስከ 1974 ድረስ የሰሎሞን ዘር ነኝ የሚል ንጉሠ ነገሥት በዙፋን ላይ ነበር። የይኩኖ አምላክ መንግሥት ግን ከዚያ አራት መቶ ዓመት አስቀድሞ አብቅቶ ነበር።

ሥልጣን በዘር ከታሰረ ግን ከባድ ችግር ይወለዳል። ዘሩ ሁሉ ባለ መብት ይሆናል። የበኩር ልጅ ይውረስ የሚል የጸና ሕግ አልነበረም። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1285 ሞተው ልጃቸው ይግባ ጽዮን ነገሡ። እርሳቸው በ1294 ሲሞቱ በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። አዲሱ መንግሥት ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ከውስጡ ሊሰነጠቅ ደረሰ።

የዦው ነገሥታትም በዘመናቸው ይኸው ችግር ገጥሟቸው ነበር። መፍትሔያቸው ዘመዶቻቸውን በየአውራጃው መሾም ሆነ። ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ እያንዳንዱ ግዛት ተሰጠውና ሄደ። መጀመሪያ ላይ ይህ መንግሥቱን አሰፋው። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ግን የዘመዶቹ ልጆች ባላባቶች ሆኑ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ771 ዘላኖች ዋና ከተማውን ሲያወድሙ ንጉሡን በጊዜ የደረሰለት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዦው ስሙን ይዞ አምስት መቶ ዓመት ኖረ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 የቺን መንግሥት ስሙንም አጠፋው።

ኢትዮጵያውያኑ የመረጡት መንገድ ተቃራኒውን ነው። ዘመዶቻቸውን ወደ አውራጃ ከመላክ ይልቅ ወደ አምባ አወጧቸው።

የግሸን አምባ ዙሪያው ገደል ነው፤ መውጫውም ጠባብ ነው፤ ጥቂት ዘበኛ ይጠብቀዋል። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወይም ከ14ኛው መጀመሪያ ጀምሮ ለመንገሥ መብት ያላቸው ወንዶች ሁሉ ከነልጆቻቸውና ከነልጅ ልጆቻቸው በዚያ ይኖሩ ነበር። «እስራኤላውያን» ይባሉ ነበር። በዚያው ይማሩ፣ ያገቡ፣ ይወልዱ፣ ያረጁም ነበር። ንጉሥ ሲሞት ባለሥልጣኖቹ መክረው ከመካከላቸው አንዱን ያወርዱና ያነግሣሉ። ከዚህ የተነሣ አንድ ሰው አርባ ዓመት እስረኛ ሆኖ ኖሮ በአንድ ጧት ንጉሠ ነገሥት ሊሆን ይችላል።

ሥርዓቱ ጨካኝ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ ከገባው የፖርቱጋል መልእክት ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬሽ ስለ ጥበቃው ጥብቅነትና ስለ ቅጣቱ በሰፊው ጽፏል። እርሱና ባልደረቦቹ መንገድ ስተው ወደ አምባው ሲጠጉ የአካባቢው ሰው በድንጋይ እንዳባረራቸውም ይተርካል። የአልቫሬሽ ወሬ በአውሮፓ ዞሮ ዞሮ መልኩን ለወጠ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ድርሰቱ የአምሐራን ተራራ ከገነት ጋር አነጻጸረው፤ ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 ስለ ራሴላስ በጻፈው ልብ ወለድ የንጉሥ ልጆች የሚኖሩበትን ደስታ የሞላው ሸለቆ ፈጠረ። ገደሉ ሸለቆ፣ እስር ቤቱ ገነት ሆነ! የአምባሰል ገበሬ ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም።

ጨካኝ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። በአውራጃ የሚሸፍት ልዑል ስላልነበረ መንግሥቱ ለወንድማማቾች አልተከፈለም። ከዐፄ ዓምደ ጽዮን (ከ1314 እስከ 1344) ጀምሮ ወታደራዊ ኃይሉ በአንድ እጅ ተጠቃለለ። እርሳቸው በዳሞትና በሐድያ ዘመቱ፤ የይፋትን ገዥ ሰብረ ዲንን ወጉ፤ ከዘይላ ወደ ውስጥ የሚገባውን የንግድ መንገድ ለመቆጣጠር ታገሉ። ይህ መንግሥት የቆመ ዋና ከተማ አልነበረውም። ንጉሡ በድንኳን ከነሠራዊቱና ከነዳኞቹ ይዞር ነበር፤ በቆመበትም «ይከትማል»። ዛሬ «ከተማ» የሚባለው ቃል የጦር ሰፈር ስም ነበረ። ሰፈሩ በአንድ ቦታ ብዙ ጊዜ ቢቆይ እንጨቱም እህሉም ያልቃል፤ ስለዚህ መንቀሳቀሱ የግድ ነበር። ለዘመተ ጭዋ የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በጉልት ነው፤ ይኸውም ከአንድ አገር ግብር የመብላት መብት ነው። ጉልቱ ደግሞ እየሰፋ የሚሄድ አገር ይፈልጋል። የሚሰጥ አዲስ መሬት በሌለ ጊዜ አንዱን ለመሾም ሌላውን መሻር ያስፈልጋል።

ገዳማቱም ሁልጊዜ ታዛዥ አልነበሩም። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን የንጉሡን ጋብቻ የነቀፉ መነኮሳት ተገርፈው ተሰደዋል። ያነገሡ የመጠየቅ መብት አለን ማለታቸው ነበር። የሐይቅ አበምኔቶች ግን በዐቃቤ ሰዓትነታቸው ከቤተ መንግሥት ጋር የቀረበ ግንኙነት ይዘው ቆዩ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ከንጉሡ እጅግ ከቀረቡት ጥቂት ሰዎች አንዱ እንደነበሩ ዜና መዋዕሉ ይመሰክራል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም የተማሩት በሐይቅ ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለዚህ ንግግር ከሁሉም ይበልጥ ያስፈልጋሉ፤ ሥርዓቱ የደረሰበት ከፍታና በውስጡ የተሸሸገው ድካም በአንድ ሰው ላይ ስለሚታዩ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት ሞተው ከ1413 እስከ 1434 ባሉት ሃያ አንድ ዓመታት ቢያንስ ስድስት ነገሥታት አለፉ። ከእነርሱ አንዱ ዐፄ ይስሐቅ በ1429 ከአዳል ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ሲነግሡ የወረዱት ከግሸን አምባ ነው። ስለዚህ ዙፋኑን ያወቁት ከእስረኛ ዓይን ነው።

የእስረኛው ንጉሥ አገዛዝ የእስረኛ ጥርጣሬ ነበረበት። በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን በደዋሮ ድል ነሡ፤ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበትን ክርክር አስታርቀው ለሁለት የተከፈለውን ቤተ ክርስቲያን አንድ አደረጉ፤ በግዕዝ ብዙ ድርሳናት አስጻፉ፤ ደብረ ብርሃንንም መሥርተው እንደ ልማዱ ሳይዞሩ ብዙ ዓመት በዚያ ተቀመጡ። የክርስቶስን መስቀል ክፋይ በግሸን እንዲቀመጥ ያደረጉት እርሳቸው መሆናቸውን ትውፊት ይናገራል፤ በየዓመቱ መስከረም 21 በግሸን ደብረ ከርቤ የሚሰበሰበው ሕዝብ ይህን ያስባል። ታስረውበት የነበረውን አምባ የተቀደሰ አደረጉት። በዚያው ዘመን ግን የአውራጃ ሹማምንትን ስለጠረጠሩ ሴቶች ልጆቻቸውን በአገረ ገዥነት ሾሙ፤ ቀጥሎም በባዕድ አምልኮ ከተከሰሱት መካከል የገዛ ልጆቻቸው ተቀጡ፤ የሞቱም አሉ። አምባው ወንድሞችን ከንጉሡ አርቆ ሊጠብቅ ይችላል፤ ከፍርሃት የሚያድን አምባ ግን አልነበረም።

ከእርሳቸው በኋላ የሥርዓቱ ሌላው ጎን ብቅ አለ። ልዑላን በሙሉ ከታሰሩ አገር የሚያውቅ፣ ጦር የመራ ልዑል አይኖርም። ባለሥልጣኖቹም ንጉሥ መምረጥ በእጃቸው ከሆነ በቀላሉ የሚመሩትን ልጅ ቢመርጡ ምን ይገርማል? ዐፄ በእደ ማርያም በ1478 ሲሞቱ ሕፃኑ እስክንድር ነገሡ። እርሳቸው በ1494 በዘመቻ ሲወድቁ የሰባት ዓመት ያህል ልጅ የሆነው ዳግማዊ ዓምደ ጽዮን ነገሠና በጥቂት ወራት ሞተ። ባለሥልጣናቱ በሁለት ጎራ ተከፍለው ተዋጉ። ዐፄ ናዖድ ከአምባው መጥተው እስከ 1508 ገዙ። ከዚያም የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልብነ ድንግል ዙፋን ላይ ወጡ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሦስት ልጆች ነገሡ ማለት ነው።

በእነዚህ ዓመታት መንግሥቱን የያዘችው እቴጌ እሌኒ ናት። ከሐድያ ተወልዳ፣ በዘርዐ ያዕቆብ ቤት ገብታ፣ አምስት ነገሥታትን አይታ ያረጀች ሴት ናት። በቀይ ባሕር የቱርክ ኃይል እየበረታ መምጣቱን ከወንዶቹ ቀድማ ተመለከተች፤ በ1509 ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ላከች። መልሱ በ1520 ሲደርስ ግን ወጣቱ ንጉሥ ጎልማሳ ሆነው ነበር፤ በድልም ልባቸው ኮርቶ ነበር፤ የአዳሉ አሚር ማሕፉዝ ከጥቂት ዓመት በፊት በውጊያ ወድቆ ነበርና። የፖርቱጋሎቹ መልእክት ስድስት ዓመት ተቀምጦ ሊጠቀስ የሚገባ ውል ሳያስገኝ ተመለሰ። ከዚህ ዘመን ስሕተቶች ሁሉ ይህ ትልቁ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በአዳል በኩል ደግሞ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ተነሡ። የተከፋፈሉትን አሚሮች በአንድ ዓላማ አሰባሰቡ፤ ከቀይ ባሕር ማዶ ጥቂት ጠመንጃና መድፍ አገኙ። በመጋቢት 1529 በሽንብራ ኩሬ በቁጥር የሚበልጣቸውን የንጉሡን ሠራዊት ድል ነሡ። ነገር ግን ወዲያው ወደ ውስጥ አልዘለቁም፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ኃይላቸውን አደራጁ። ልብነ ድንግል ሁለት ዓመት ያህል ፋታ ነበራቸው። ፋታው ሳይጠቅማቸው ቀረ። ሹማምንቱ እያንዳንዱ የራሱን ጉልት ለማዳን አሰበ፤ በቅርብ ዘመን የተያዙት አገሮች ሕዝብም ለንጉሡ የሚሞትበት ምክንያት አላገኘም። በዚህ በኩል ሲታይ የኢማሙ ድል የአንድ ሌሊት አይደለም፤ በግብር ብቻ የታሰረ አገር በግብሩ ልክ ብቻ ይታመናል።

በ1531 ኢማሙ ዳግመኛ መጡ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ማብቂያ ንጉሡ በአምባሰል መተላለፊያ ሊያቆሟቸው ሞክረው ተሸነፉ። ከዚህ በኋላ የአምሐራ ምድር፣ የሥርወ መንግሥቱ እናት አገር፣ ክፍት ሆነ። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቅና በዕንቍ የተሸለመው መካነ ሥላሴ ተቃጠለ። በእደ ማርያም ያሠሩት አትሮንሰ ማርያምም እንዲሁ። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህ የመካነ ሥላሴን ውበት ሲገልጽ በግልጽ ይደነቃል፤ ወዲያውም እንዴት እንደነደደ ይተርካል።

ቀጥሎ ተራው የሐይቅ ሆነ። ደሴቱ በውኃ የተከበበ ስለነበረ ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የሸሸ ዕቃ ሁሉ ወደዚያ ተሰብስቦ ነበር። ኢማሙ ታንኳ እንዲሠራ አዘዙ። መነኮሳቱም መከላከል እንደማይችሉ አይተው ሀብቱን አስረከቡ። ንጉሥን ያነገሠው ገዳም ንጉሡ ሊደርስለት ባልቻለበት ቀን ከአሸናፊው ጋር በራሱ አፍ ተደራደረ። ይህን ድካም ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ገዳም ውስጥ በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስም በ1280 እና በ1281 መካከል የተሰጠ የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ ነበር፤ ከወንጌሉ ጎን ለጎን የገዳሙን ጉዳዮች የሚያስታውሱ ጽሑፎች የተመዘገቡበት ነው። መጽሐፉ ተርፏል። የመካነ ሥላሴ ወርቅ የት እንደደረሰ የሚያሳይ የለም።

ግሸን ግን በመጀመሪያ አልተያዘም። የኢማሙ ወታደሮች ለመውጣት ሞክረው ገደሉ መለሳቸው። ንጉሡ ከአገር አገር እየሸሹ፣ ከወገኖቻቸው ብዙዎቹ ሃይማኖት እየለወጡ ወይም እየሞቱ፣ አምባው ብቻ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ በ1540 ተያዘ። በዚያ የነበሩት ልዑላን ተገደሉ፤ ሀብቱም ተወሰደ። መንግሥቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘሩን በአንድ ቅርጫት ጠብቆ ነበር፤ ቅርጫቱ ወደቀ። በዚያው ዓመት በመስከረም ዐፄ ልብነ ድንግል በደብረ ዳሞ ሞቱ። አባ ኢየሱስ ሞዐ የተማሩበት ደብር፣ የይኩኖ አምላክ ዘር የመጨረሻው ስደተኛ የተቀበሩበት ደብር ሆነ።

ቤቱ ያልጠፋው ከአምባው ውጭ በነበሩት ልጆች ነው። ገላውዴዎስ በ1540 ነገሡ። በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋሎች ይዞ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ተማርኮ ተገደለ፤ በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ኢማም አሕመድ ወደቁ። የገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ በጦርነቱ ተማርከው ወደ የመን ተልከው ነበር፤ ኋላ በኢማሙ ልጅ ተለውጠው ተመለሱ፤ በ1559 ገላውዴዎስ በውጊያ ሲሞቱም ነገሡ። አንድ እስረኛ በሌላ እስረኛ ተለውጦ ንጉሥ ሆነ።

ድሉ ግን የቀድሞውን መንግሥት አልመለሰውም። አዳልም አምሐራም በጦርነቱ ደክመው ነበር፤ ወደ ሰሜን የሚስፋፋው የኦሮሞ ሕዝብ በሁለቱም መካከል ሰፊውን ምድር ያዘ። ሐይቅና አምባሰል የሚገኙበት ቤተ አምሐራ የተባለው አገር በጊዜ ብዛት ወሎ ተባለ፤ የሥርወ መንግሥቱ እናት አገር የሌሎችም አገር ሆነ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና አካባቢ ሸሸ፤ ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። በድንኳን የሚዞረው መንግሥት በድንጋይ ግንብ ውስጥ ተቀመጠ። የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት የቀድሞ ግርማውን አላገኘም፤ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ግን ወደ ጎንደር ተከትሎ ሄደ፤ ንጉሥን ያነገሠ ማን ነው የሚለው ክርክርም በእርሱ ቋንቋ ተጻፈ።

የጎንደር ነገሥታት ከግሸን ምን እንደተማሩ ለማወቅ የሚፈልግ በበለሳ በኩል ያለውን አምባ ይመልከት። ወንድሞቻቸውንና የአጎቶቻቸውን ልጆች እንደገና ሰብስበው በአንድ ገደላማ አምባ ላይ አኖሯቸው። የአምባው ስም ወህኒ ነው። ዛሬ በአማርኛ እስር ቤት ሁሉ «ወህኒ ቤት» የሚባለው ከዚሁ ስም የመጣ ነው ይባላል።